ነውሩ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ስለ ወሲብ ያለን አመለካከትና ጾታዊ ትንኮሳ

ስለ ጾታዊ ትንኮሳ ወሬ ሲነሳ ሁለት ወገን ለመፈጠር ጊዜ አይፈጅም። አንደኛው «ዘመኑ ስድ ሆነ፤ አለባበሱ፣ ፊልሙ፣ ዘፈኑ፣ በስልኩ የሚታየው ሁሉ ወሲብ ሆኖ ወንዱ ምን ያድርግ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ችግሩ መታፈኑ ነው፤ ወንድና ሴት ተራርቀው አድገው፣ ስለ ወሲብ መናገር ነውር ሆኖ፣ የታፈነው ስሜት መውጫ ሲያጣ መንገድ ላይ ይገነፍላል» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ይጦፋል፤ ለሁለቱም ምሳሌ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ግን ባላንጣዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ፍጹም መስማማታቸው ነው። ሁለቱም ዘንድ ትንኮሳ ማለት የበዛ የወንድ ፍላጎት ነው። የሚጣሉት ፍላጎቱን ያበዛው ምንድን ነው በሚለው ላይ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምጣላው ከተስማሙበት ነገር ጋር ነው።

በመጀመሪያ ትንኮሳ የምንለው የትኛውን ነው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የአለቃ ማስፈራሪያ ወይም በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ የሚዘረጋ እጅ ነው። በሴቶች ላይ የሚደርሰውን መድልዎ ለማስወገድ የተፈረመውን ስምምነት አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ1992 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው 19ኛ አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ዘርዝሮታል፦ አካላዊ ንክኪና መጠጋት፣ ወሲባዊ ቃና ያለው አስተያየት፣ የወሲብ ምስል ማሳየት፣ በቃልም ይሁን በድርጊት ወሲብ መጠየቅ። እነዚህን ሁሉ ትንኮሳ የሚያሰኛቸው ያልተፈለጉ መሆናቸው ነው። ያው ቀልድ ከምትወደው ሰው ሲመጣ ያስቃታል፤ ከማትፈልገው ሰው ሲመጣ ያሸማቅቃታል። ስለዚህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ የአንድን ሰው ፈቃድ ማን ያያል፣ ማንስ ከቁም ነገር ይቆጥረዋል ወደሚለው ይመጣል። ባህል እጁን የሚያስገባውም እዚህ ነው።

እስቲ የሁለቱን ወገኖች ክርክር በቁጥር እንፈትነው። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ2014 ይፋ ያደረገው ጥናት በ28 አገሮች 42,000 ያህል ሴቶችን አነጋግሯል። ከ15 ዓመታቸው ወዲህ ትንኮሳ እንደ ደረሰባቸው የተናገሩት 55 በመቶ ናቸው። በየአገሩ ሲታይ ልዩነቱ ያስደንቃል፤ በስዊድን 81 በመቶ፣ በዴንማርክ 80 በመቶ፣ በቡልጋሪያ ግን 24 በመቶ። «ስድነት ነው» የሚለው ወገን እዚህ ላይ እጁን ያፋጭ ይሆናል፤ ስለ ወሲብ በግልጽ የሚነገርባቸው አገሮች ባሱ እኮ! ነገር ግን ግብፅ አለች። የግብፅ የሴቶች መብት ማዕከል በ2008 ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት ግብፃውያን ሴቶች 83 በመቶው ተተንኩሰናል ሲሉ፣ ከወንዶቹ 62 በመቶው መተንኮሳቸውን በራሳቸው አንደበት አምነዋል። ተሸፋፍነው የሚሄዱትም ሴቶች አላመለጡም። በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት ያስጠናው ጥናት ደግሞ ቁጥሩን 99.3 በመቶ አድርሶታል። እንግዲህ ልቅነትን የሚከስስ ሰው ካይሮን፣ መታፈንን የሚከስስ ሰው ስቶክሆልምን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ተሸሽጓል። መጠይቅ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይለካል፤ የደረሰውን ድርጊትና ድርጊቱ ከጥፋት የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን። በ2003 በአሜሪካ የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያጠናቀረ ትንታኔ ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ሴቶቹ «እንዲህ ያለ ንግግር ተነግሮሻል? እንዲህ ተነክተሻል?» ተብለው በዝርዝር ሲጠየቁ በሥራ ቦታ ደርሶብናል ያሉት 58 በመቶ ሆኑ። «ጾታዊ ትንኮሳ ደርሶብሻል?» ተብለው በቀጥታ ሲጠየቁ ግን ቁጥሩ ወደ 24 በመቶ ወረደ። በመካከል የጠፉት ሴቶች ውሸታሞች አይደሉም፤ የደረሰባቸውን «ያው የተለመደ ነው» ብለው ያለፉት ናቸው። ስለዚህ የስዊድን 81 በመቶ የስዊድን ወንድ ከቡልጋሪያው ሦስት እጥፍ ይብሳል ማለት ላይሆን ይችላል። ምናልባት የስዊድን ሴት አልቀበልም የምትለው ነገር ስለበዛ፣ ለጠያቂ ለመናገርም ስለማትሸማቀቅ ይሆናል። ኤጀንሲውም በአገሮቹ መካከል ለታየው ልዩነት ካቀረባቸው ማብራሪያዎች አንዱ ይኸው ነው።

መግደርደር የሚጠበቅባት ሴት

በብዙ ባህሎች ውስጥ ወንድና ሴት የሚቀራረቡበት፣ ማንም ቁጭ ብሎ ያልጻፈው ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ድርሰት አለ። እሱ ይጠይቃል። እሷ ትግደረደራለች። እሱ ይጸናል። በመጨረሻ እሷ ትረታለች። በዚህ ድርሰት ቶሎ እሺ ያለች ሴት ቀላል ናት ትባላለች፤ ቶሎ የተወ ወንድ ደግሞ ወንድነቱ ይጠረጠራል። ሁለቱ ደንቦች ሲገናኙ እንግዳ ነገር ይፈጠራል። እውነት ብትፈልግም «አይሆንም» እንድትል ይጠበቃል፤ እውነት ባትፈልግም የምትለው ያንኑ «አይሆንም» ነው። እሺታዋ የሚያስነቅፋት ሴት እምቢታዋን የሚያምንላት አታገኝም። «ሴት ልጅ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ነው። አባባሉ የባለጌዎች ፈጠራ አይደለም፤ ጨዋ የሚባሉ ሰዎችም ልጃቸውን ለመዳር ሲሯሯጡ በፈገግታ ይሉታል።

ይህ አባባል ሳይንሳዊ ድጋፍ አገኘ የተባለበት ጊዜም ነበር። በ1988 ሻርሊን ሙሌንሃርድ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎችን ጠየቁ፤ ከወንድ ጋር ለመተኛት ፈልጋችሁ፣ ፈቃደኛም ሆናችሁ ሳለ «አይሆንም» ያላችሁበት ጊዜ አለ? 39 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ማድረጋቸውን መለሱ። ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ «አላልናችሁም!» የሚሉም በዙ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ሙሌንሃርድ ከሌላ ባልደረባ ጋር ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ምልክት ማድረግ ብቻ ሳይሆን ታሪኩን በዝርዝር እንዲጽፉ ተሳታፊዎቹን ጠየቁ። ታሪኮቹ ሲነበቡ ብዙዎቹ ከጥያቄው ጋር የማይገናኙ ሆነው ተገኙ። ፍላጎቱ ነበራት፣ ፈቃደኛ ግን አልነበረችም፤ ስሜቷ ቢያዘነብልም «አይሆንም» ስትል የምሯን ነበር። ወይም መጀመሪያ አይሆንም ብላ በኋላ ሐሳቧን ቀየረች። ከዚህም በላይ ፈልገው አይሆንም ያሉ ወንዶችም ተገኙ፤ እነሱን «ወንድ እምቢ ሲል…» ብሎ የተረተባቸው ግን የለም። መፈለግና መፍቀድ የተለያዩ መሆናቸውን ማንኛችንም ከገዛ ኑሯችን እናውቃለን። በሴት ጉዳይ ላይ ሲሆን ብቻ ለምን እንደሚጠፋብን ማሰብ ያስፈልጋል።

«እሺ፤ ግን ሴቶቹስ በግልጽ አይሆንም ቢሉ ምን ይሆናሉ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ወጣት ሴቶችን «እምቢ በሉ፣ ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ» ብለው የሚያሠለጥኑ ፕሮግራሞች የተመሠረቱት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። እንግሊዛውያኑ ሴልያ ኪትዚንገርና ሃና ፍሪዝ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ምክር በጥርጣሬ መረመሩት። መነሻቸው ሰዎች በየቀኑ እንዴት እንደሚነጋገሩ ያጠኑ ምሁራን የደረሱበት ግኝት ነው። ሰው ግብዣ ሲቀበል ቶሎና አጭር አድርጎ ይቀበላል። እምቢ ሲል ግን በየትኛውም ጉዳይ ላይ ቢሆን እንዲህ ነው የሚለው፦

«ቅዳሜ ዕቃ ላጓጉዝ ነበር፤ መጥተህ ታግዘኛለህ?»

«እ… ቅዳሜ? ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እስቲ… ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር ነበረኝ።»

ይህ ሰው «አልመጣም» አላለም። «አይ» የምትለዋን ቃል እንኳ አልተናገረም። ሆኖም ጠያቂው ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ «አልመጣም አላልክም እኮ!» ብሎ አይሟገትም። ዝምታውን፣ ማመንታቱን፣ ሰበቡን አንድ ላይ ሰምቶ ነገሩን ጨርሶታል። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የምናውቅ ሁሉ ይህ እንግዳ አይሆንብንም፤ በቀጥታ «አልፈልግም» ማለት ስድብ ይመስለናል፣ ስለዚህ እምቢታችንን እናለሰልሰዋለን፤ ሰሚውም ያለ ችግር ይገባዋል። የኪትዚንገርና የፍሪዝ ድምዳሜ ሴቶቹ ማንም ሰው እምቢ በሚልበት መንገድ እምቢ እያሉ ነው፣ «አልገባኝም» የሚለው ወንድ ደግሞ ሊቀበል ያልፈለገው እንጂ ያልገባው ነገር የለም የሚል ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአውስትራሊያ ወጣት ወንዶችን በቡድን ያወያዩ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ወጣቶቹ ሴት ሳትፈልግ ስትቀር እንዴት እንደሚያውቁ ሲጠየቁ ረቂቅ ምልክቶችን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘሩ፦ ወሬ መቀየር፣ ሰዓት ማየት፣ «ነገ በጠዋት ሥራ አለኝ» ማለት። ወሬው ወደ አስገድዶ መድፈር ሲዞር ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ጠፋና «በግልጽ ካላለች በምን ይታወቃል?» ሆነ።

በእርግጥ ስህተት ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ወንዶች የሴትን ተራ ወዳጅነት እንደ ወሲባዊ ፍላጎት የማየት ዝንባሌ እንዳላቸው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተደጋግሞ የታየ ነው። ፈገግታዋን በተሳሳተ መንገድ ተርጉሞ አንድ ጊዜ የጠየቀ፣ መልሱን ሰምቶ የተወ ሰው ግን ተንኳሽ አይባልም። ትንኮሳው የሚጀምረው ከመልሱ በኋላ ነው። ወይም መልስ መስጠት በማይቻልበት ሁኔታ ውስጥ ሲጠየቅ ነው፤ ጠያቂው ውጤት የሚሰጥ መምህር፣ ቅጥር የሚያጸድቅ ኃላፊ ሲሆን እምቢታ ዋጋ ያስከፍላል፤ እሺታም እሺታ መሆኑ ያጠራጥራል።

ራሱን መግዛት የማይችለው ወንድ

ሁለተኛው የባህል ትምህርት የወንድ ስሜት አንዴ ከተነሳ አይመለስም የሚለው ነው። ይህ አመለካከት ሲታይ ወንዱን የሚያሳንስ ይመስላል፤ በተግባር ግን የሚጠቅመው ለእሱ ነው። እሱ መቆጣጠር ካልቻለ ተጠንቃቂዋ እሷ ናት። ምን ለብሳ? በስንት ሰዓት? ከማን ጋር? የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከዚህ ይመዘዛሉ። አንዳንዴም እስከ ፍርድ ቤት ይዘልቃሉ። በ1999 የጣሊያን ሰበር ሰሚ ችሎት በአስገድዶ መድፈር የተፈረደበትን አንድ የመንጃ አሠልጣኝ ፍርድ ሽሮታል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ተበዳይዋ ለብሳው የነበረው ጠባብ ጂንስ ያለ እሷ ትብብር ሊወልቅ አይችልም የሚል ነበር። የፓርላማ አባላት የሆኑ ሴቶች በማግስቱ ጂንስ ለብሰው ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያንን አስተሳሰብ የተወው ከዓመታት በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ጣሊያን ስለ ወሲብ ማውራት የተከለከለበት አገር አልነበረም።

ስሜቱን መግዛት አይችልም የሚባለው ሰው ግን በደንብ ሲታይ ቦታና ሰው ይመርጣል። የአለቃውን ልጅ አይነካም። አባቷ አብሯት የሚሄደውን ልጅ አይለክፍም። ትንኮሳው የሚያርፈው አዲስ በተቀጠረችዋ፣ በጽዳት ሠራተኛዋ፣ የኮንትራት ጊዜዋ ሊያልቅ በተቃረበችዋ ላይ ነው። ማዕበል እንዲህ አያማርጥም።

ይህንን በሙከራ ያሳዩት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ፕራየር ናቸው። ፕራየር በ1987 አንድ መመዘኛ አወጡ። ወንዶች የተለያዩ ታሪኮች ይነበቡላቸውና «ምንም ቅጣት እንደማይደርስብህ ብታውቅ ሥልጣንህን ተጠቅመህ ከዚህች ሴት ወሲብ ትጠይቃለህ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በዚህ መመዘኛ ከፍተኛና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ወንዶችን አንዲትን ሴት የኮምፒውተር ሥራ እንዲያሠለጥኑ መደቡ። ከሴቲቱ ጋር የሚያስተዋውቃቸው ሌላ ወንድ ነበር፤ እሱም የጥናቱ ተባባሪ ነው። ለግማሾቹ ይህ ሰው ሴቲቱን በአክብሮት አስተናገዳት። ለቀሩት ግን ገላዋን እያየ፣ እየነካካት አስተዋወቃት። ዝንባሌው የነበራቸው ወንዶች ሁለተኛውን ሲያዩ ተከተሉት፤ እነሱም ይነካኩ ጀመር። የመጀመሪያውን ያዩት፣ ተመሳሳይ ዝንባሌ የነበራቸው ወንዶች ግን ሥራቸውን ሠርተው ሄዱ።

ከዚህ ሙከራ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ወንድ ሁሉ ተንኳሽ አይደለም፤ ዝንባሌ የሌላቸው መጥፎ አርአያ ቢያዩም እንደነዚያ አልሆኑም። ዝንባሌው ያላቸው ደግሞ ስሜታቸው አስገድዷቸው አይደለም፤ አካባቢው ምን እንደሚፈቅድ አይተው ነው። ባህል ስንል ሰዎች የሚያስቡት ተራራ የሚያህል፣ ከጥንት የወረደ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን ባህሉ አንድ ክፍል ውስጥ የቆመ አንድ ሰው ነበር፤ የሠራውም በጥቂት ደቂቃ ነው።

ፍላጎት የሌለበት ትንኮሳ

«የበዛ ፍላጎት ነው» የሚለውን ማብራሪያ ጨርሶ የሚጥለው ግን ሌላ ግኝት ነው። ሉዊዝ ፊትዝጀራልድ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ትንኮሳን በሦስት ይከፍሉታል፦ ወሲብን በጥቅም ወይም በማስፈራሪያ መጠየቅ፣ ያልተፈለገ ወሲባዊ ትኩረት፣ እና ሴትን በሴትነቷ ማዋረድ። ሦስተኛው ማንንም አልጋ ላይ የመጋበዝ ዓላማ የለውም። ስለ ገላዋ የሚቀለድ ቀልድ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የሚቀመጥ ጸያፍ ሥዕል፣ «ይህ የወንድ ሥራ ነው፣ አንቺ ሂጂና ልጅ ውለጂ» የሚል ንግግር ነው። በብዛት የሚገኘው ደግሞ ይኸው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2018 ባወጡት ሪፖርት ትንኮሳን ከበረዶ ተራራ ጋር አመሳስለውታል፤ ከውኃው በላይ የሚታየው ማስገደዱና መነካካቱ ነው፣ ከሥር ያለው ግዙፉ አካል ግን ማዋረዱ ነው።

ጄኒፈር በርዳል በ2007 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ትንኮሳ የፍላጎት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብዙ የሚተነኮሱት ባህሉ የሴት የሚላቸውን ጠባዮች የያዙት ሴቶች መሆን ነበረባቸው። የተገኘው ተቃራኒው ነው። በብዛት የተተነኮሱት ደፋር፣ ሐሳባቸውን የሚናገሩ፣ ባህሉ የወንድ የሚላቸውን ጠባዮች ያሳዩ ሴቶች ናቸው፤ በተለይ ወንዶች በሚበዙበት የሥራ ቦታ። የሚተነኮሱት ስለሚያምሩ ሳይሆን ቦታቸውን ስለለቀቁ ነው።

እዚህ ጋር ስለ ወሲብ ያለን አመለካከት ያልተጠበቀ ሥራ ይሠራል። ወሲብ ለሴት የውርደት፣ ለወንድ የድል ነገር ሆኖ በተሳለበት ቦታ ሁሉ ወሲባዊ ንግግር መሣሪያ ይሆናል። ስብሰባ ላይ የተሟገተችን ሴት ለማሸነፍ ሐሳቧን ማፍረስ አያስፈልግም፤ «ከማን ጋር ተኝታ ነው እዚህ የደረሰችው?» የሚለው ሹክሹክታ ይበቃል። ይህ ሹክሹክታ ወንድ ላይ አይሠራም፤ ስለ እሱ እንዲህ ቢባል ይኮራበታል። ወንዶችም ሲተነኮሱ በብዛት የሚሰደቡት «ወንድ አይደለህም» ተብለው ነው፤ የሚያበሻቅጧቸውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ወንዶች ናቸው። በሴት የተተነኮሰ ወንድ ደግሞ ቢናገር «ዕድለኛ ነህ!» ይባላል። ሁልጊዜ የሚፈልግ ተደርጎ የሚታሰብ ሰው አልፈልግም የማለት ቦታ የለውም። ያው ድርሰት እሱንም አፉን ያስይዘዋል።

ለምን አልተናገረችም?

ትንኮሳ ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከእሱ አስከትሎም «እኔ ብሆን ኖሮ በጥፊ ነበር» የሚል ይመጣል። ጁሊ ዉድዚካና ማሪያን ላፍራንስ በ2001 ባሳተሙት ጥናት ይህችን «እኔ ብሆን» የምትለዋን ፈተኗት። በመጀመሪያ ሴቶችን የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ እንዳሉ እንዲያስቡ አደረጉ፤ ጠያቂው ወንድ «ጓደኛ አለሽ?»፣ «ሰዎች ታማልያለሽ ይሉሻል?»፣ «ሴቶች በሥራ ቦታ ጡት መያዣ ማድረጋቸው አስፈላጊ ይመስልሻል?» ቢላቸው ምን ያደርጋሉ? 68 በመቶው ቢያንስ አንዱን ጥያቄ አልመልስም እንደሚሉ፣ 62 በመቶው ጠያቂውን ለምን ብለው እንደሚጋፈጡት ወይም ነውር መሆኑን እንደሚነግሩት፣ ከመፍራት ይልቅም እንደሚቆጡ ተናገሩ።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ ሌሎች ሴቶችን ለእውነተኛ ሥራ ነው ብለው ጠሩ። የሚጠይቅ ወንድ ተቀመጠ፤ ሦስቱን ጥያቄዎች ከሌሎቹ መካከል አስገብቶ ጠየቀ። ለመመለስ ፈቃደኛ ያልሆነች አንዲትም ሴት አልነበረችም። ከፊሎቹ በትሕትና «ለምን ጠየቅኸኝ?» አሉ፤ ብዙዎቹ ፈገግ እያሉ መለሱ። በኋላ ሲጠየቁም የበለጠ የተሰማቸው ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ያ ፈገግታ ነው እንግዲህ በኋላ ምስክር ሆኖ የሚቆጠርባት፦ «ትስቅ ነበር እኮ!»

ፍርሃቱ መሠረት አለው። የሴት ክብር በገላዋ ንጽሕና ላይ በተንጠለጠለበት ቦታ ተተንኩሻለሁ ማለት ራስን ማስነወር ነው። አጥፊው ሌላ ሆኖ ሳለ ስሟ የሚነሳው የእሷ ነው። ቤተሰብም በፍቅር ስም ዝምታን ይመክራል፤ «ስምሽ ይጠፋል»፣ «ባል አታገኚም»፣ «አባትሽ ከሰማ ደም ይፋሰሳል»፣ «ከትምህርቱ ትቀሪያለሽ»። የመጨረሻው ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፤ ልጃችን ትንኮሳ ይደርስባታል ብለው ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ የሚያስቀሩ ወላጆች በብዙ አገር አሉ። ተንኳሹ መንገዱ ላይ ይቀራል፤ እሷ ከመንገዱ ትነሳለች። እነዚህ ወላጆች ክፉዎች አይደሉም፤ ነውሩ በማን ላይ እንደሚወድቅ ያውቃሉ።

የታፈነ ወሲብ ወንዱን ያፈነዳዋል የሚለውን ባልቀበልም፣ ዝምታ ግን ሌላ ጉዳት አለው። ስለ ገላዋ የሚነገር ጨዋ ቃል ያልሰጠናት ልጅ የደረሰባትን በምን ትናገር? የምታውቀው ስድብ ብቻ ነው፤ ስድብ ደግሞ በእናት በአባት ፊት አይወጣም። ታራና በርክ የተባሉት አሜሪካዊት በ2006 «እኔም» የሚለውን ንቅናቄ ሲጀምሩ፣ በኋላም በጥቅምት 2017 ንግግሩ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ኃይሉ ከዚህ የመነጨ ነበር። ሴቶቹ ዝርዝሩን እንዲያወጡ አልተጠየቁም፤ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር።

የሚለወጠው የቱ ነው?

«ባህል ነውና ምን ይደረጋል» የሚለው ተስፋ መቁረጥ ባህልን አንድ ወጥ ነገር አድርጎ ያያል። ለከፋን የሚጠላ ሰው ለካፊ በሞላበት ሰፈር ውስጥ ብዙ ነው፤ ችግሩ እያንዳንዱ ብቻዬን ነኝ ብሎ ማሰቡ ነው። ቀልዱ ሲነገር ሁሉም ይስቃል፤ ሁሉም የሚስቀው ሌላው ስለሳቀ ነው። ሰዎች የጎረቤታቸውን አመለካከት ምን ያህል እንደሚስቱ የሚያሳይ፣ ከትንኮሳ ወጣ ያለ ግን ተዛማጅ የሆነ ጥናት ከሪያድ አለ፤ በ2020 ታትሟል። ያገቡ ወጣት ወንዶች ሴት ከቤት ውጭ መሥራቷን ይደግፉ እንደሆነ በምስጢር ሲጠየቁ በጣም የሚበዙት ደገፉ። ሌሎቹስ ምን የሚሉ ይመስላችኋል ሲባሉ ግን አብዛኞቹ ከእውነታው አሳንሰው ገመቱ። እውነተኛው ቁጥር የተነገራቸው ባሎች ሚስቶቻቸውን ለሥራ ፍለጋ አገልግሎት ያስመዘገቡበት መጠን ካልተነገራቸው በለጠ፤ ከወራት በኋላም ሚስቶቻቸው ሥራ የማመልከታቸው ዕድል ከፍ ብሎ ተገኘ። በእምነታቸው ላይ አንድም ስብከት አልተሰበከም።

ሕግም ድርሻ አለው። የዓለም ሥራ ድርጅት በሰኔ 2019 ያጸደቀው፣ ከሰኔ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ቁጥር 190 ሁለት ጠቃሚ ነገሮችን ይዟል። አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ ድርጊትም ትንኮሳ ሊሆን ይችላል። ድርጊቱም የሚለካው በፈጻሚው ዓላማ ብቻ ሳይሆን ባስከተለው ወይም ሊያስከትል በሚችለው ጉዳት ጭምር ነው። «ስቀልድ ነው» የሚለው ማምለጫ እዚህ ላይ ይጠብባል። ስምምነቱ ተቀጣሪውን ብቻ ሳይሆን ሥራ ፈላጊውን፣ ሠልጣኙንና ልምምድ ላይ ያለውንም ይሸፍናል።

ወረቀቱ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ሲደርስ ከምን ላይ እንደሚያርፍ ማየት ያሻል። በ2007 የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ትንታኔ ትንኮሳ የት እንደሚበዛ ከሁሉ በላይ የሚተነብየው የመሥሪያ ቤቱ የመታገሥ መንፈስ መሆኑን አሳይቷል። ፊትዝጀራልድና ባልደረቦቻቸው ይህንን መንፈስ የሚለኩት ለሠራተኞች አጫጭር ታሪኮች ሰጥተው ነው፤ አንድ ኃላፊ በአንዲት ሠራተኛ ላይ ይህንን ቢፈጽም፣ እሷም ብታመለክት ምን ይሆናል? ያመለከተችው ትጎዳለች? የሚሰማት አለ? እሱስ ይቀጣል? የማመልከቻ ሥርዓት መኖሩ በራሱ በቂ አለመሆኑን ደግሞ ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ በ2019 አሳይተዋል፤ ከ800 በላይ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መረጃ መርምረው፣ መደበኛ የቅሬታ ሥርዓት ከተዘረጋ በኋላ በኃላፊነት ላይ ያሉ ሴቶች ቁጥር የቀነሰባቸው ብዙ ቦታዎች አግኝተዋል። ሴቶቹ አመለከቱ፤ በቀል ደረሰባቸው፤ ለቀቁ። ኃላፊዎችን ትንኮሳ ሲያዩ እንዴት ጣልቃ እንደሚገቡ ያሠለጠኑ ኩባንያዎች ግን የሴት ኃላፊዎቻቸው ቁጥር ጨመረ። ሥልጠናው ተሳታፊዎቹን በተጠርጣሪነት አላስቀመጣቸውም፤ አንድ የሥራ ባልደረባ ጸያፍ ቀልድ ሲጀምር ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደሚያቋርጠው ነው ያለማመዳቸው።